ሌዘር በዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ፦ ምን ይጨምራል? ምንስ አይተካም?

በዓይን ብሌን ጠባሳ ምክንያት የጠፋን ብርሃን በንቅለ ተከላ ቀዶ ሕክምና መመለስ ከተጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ለዚህ ሕክምና ሲያገለግል የኖረው ዋነኛ መሣሪያ በሐኪም እጅ የሚሽከረከር ክብ ስለት ነው። እ.ኤ.አ ከ1989 ወዲህ ግን የሌዘር ጨረር በአንዳንድ ሀገሮች የዓይን ሕክምና ማዕከላት የስለቱን ሥራ መጋራት ጀምሯል።

ሌዘር ለዚህ ቀዶ ሕክምና ምን ጥቅም ያስገኛል? የትኛውንስ ችግር ሊፈታ አይችልም? የሚሉት ጥያቄዎች ሐኪሞችን ብቻ የሚመለከቱ አይደሉም። የጤና በጀት ለሚያዘጋጁ፣ የሕክምና መሣሪያ ግዥ ለሚያጸድቁና የሆስፒታል ማስፋፊያ ዕቅድ ለሚገመግሙ ኃላፊዎችና ባለሙያዎችም ምላሽ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ውድ መሣሪያ መግዛትና ብርሃናቸውን የሚጠባበቁ ዜጎችን ቁጥር መቀነስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ላይሆኑ ይችላሉና።

የብሌኑ ተፈጥሮ

በሕክምናው አጠራር ኮርኒያ የሚባለው፣ በሀገራችን በልገሳ ቅስቀሳዎች "የዓይን ብሌን" እየተባለ የሚጠራው ክፍል በዓይን ፊት ለፊት እንደ ሰዓት መስታወት ጎበጥ ብሎ የተቀመጠ ግልጽ ሽፋን ነው። ስፋቱ ከ11 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የመሀሉ ውፍረት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ይህ ስስ ሽፋን ዓይን ብርሃንን ሰብስቦ ምስል ለመፍጠር ከሚጠቀምበት ኃይል ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ያበረክታል።

ኮርኒያ ግልጽ ሆኖ እንዲቆይ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ የደም ሥር የሌለው መሆኑ ነው። ኦክስጅን የሚያገኘው በአብዛኛው ከአየር ሲሆን፣ የሚደርሰውም በእንባ በኩል ነው። ከፊት ወደ ኋላ ሲታይ በመጀመሪያ ራሱን እየተካ የሚኖር የላይ ሽፋን፣ ቀጥሎ የውፍረቱን ዘጠኝ አሥረኛ ያህል የሚይዝ መካከለኛ ክፍል፣ በመጨረሻም አንድ ረድፍ ብቻ ሆነው የተደረደሩ ሕዋሳት ይገኙበታል። እነዚህ የኋላ ሕዋሳት ወደ ኮርኒያ የሚሰርገውን ፈሳሽ ሳያቋርጡ ወደ ዓይን ውስጥ መልሰው ይገፋሉ። ከሞቱ ግን በሰው ልጅ ዘንድ በበቂ ሁኔታ አይተኩም፤ በዚህም ምክንያት ኮርኒያው ውኃ ቋጥሮ ያብጣል፣ ይደበዝዛል።

ጉዳቱ የሚደርሰው በልዩ ልዩ መንገድ ነው። በባክቴሪያ፣ በፈንገስና በቫይረስ የሚመጣ ቁስለት፣ ትራኮማ፣ የቫይታሚን ኤ እጥረት፣ ኩፍኝ፣ በእሾህ፣ በእንጨት ስንጣሪና በብረት ፍንጣሪ የሚደርስ አደጋ፣ ኖራን የመሰሉ ኬሚካሎች የሚያስከትሉት ቃጠሎ ከምክንያቶቹ መካከል ይጠቀሳሉ። በወጣትነት ዕድሜ የሚጀምረውና ኮርኒያው እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት እንዲወጣ የሚያደርገው ኬራቶኮነስ የተባለው ሕመምም ሌላው ነው።

ከዓይን ሞራ ግርዶሽ የሚለየው በዚህ ነው። በሞራ ግርዶሽ የሚደበዝዘው በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ በመሆኑ በፋብሪካ በተሠራ ሌንስ ይተካል። ለተበላሸ ኮርኒያ ግን ዛሬም ድረስ ዋነኛው ምትክ ሌላ ሰው የለገሰው ኮርኒያ ነው።

ከስለት ወደ ጨረር

በሰው ላይ የተካሄደው የመጀመሪያው ስኬታማ የኮርኒያ ንቅለ ተከላ የተፈጸመው እ.ኤ.አ ታኅሣሥ 7 ቀን 1905 ሲሆን፣ ቦታውም በአሁኗ ቼክ ሪፐብሊክ የምትገኘው የኦሎሙዝ ከተማ ነበረች። ቀዶ ሕክምናውን ያካሄዱት ዶክተር ኤድዋርድ ዚርም ሲሆኑ፣ ሕመምተኛው ሁለት ዓይኖቹን በኖራ የተቃጠለ የ45 ዓመት ሠራተኛ ነበር። ኮርኒያው የተገኘው በብረት ፍንጣሪ ተጎድቶ እንዲወጣ ከተወሰነ የአንድ ታዳጊ ዓይን ነው። ከሁለቱ ዓይኖች በአንደኛው ላይ የተተከለው ኮርኒያ ግልጽነቱን ጠብቆ ሕመምተኛውን ወደ ሥራው መልሶታል።

ከዚያ በኋላ የኦዴሳው ሐኪም ቭላዲሚር ፊላቶቭ በ1930ዎቹ ከሞቱ ሰዎች የተወሰደ ኮርኒያ ለንቅለ ተከላ ሊያገለግል እንደሚችል በሰፊው አሳዩ። እ.ኤ.አ በ1944 ደግሞ በኒው ዮርክ የዓይን ባንክ ተቋቋመ። በዚህ ሁኔታ ሕክምናው በአጋጣሚ ከሚገኝ ዓይን ተላቅቆ በተደራጀ ልገሳ ላይ መመሥረት ጀመረ።

የቀዶ ሕክምናው መሠረታዊ አካሄድ ግን ለብዙ አሥርተ ዓመታት ብዙም ሳይለወጥ ቆይቷል። ሐኪሙ ክብ ስለት ባለው መሣሪያ ከሕመምተኛው ዓይን መካከል ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን የተበላሸ ክፍል ቆርጦ ያነሳል። ከተለገሰው ኮርኒያም ተመጣጣኝ ክብ ቆርጦ በቦታው ያኖራል። ከዚያም ከጠጉር በቀጠነ የናይለን ክር ዙሪያውን ይሰፋዋል።

ችግሩ የሚፈጠረው በዚህ ላይ ነው። ስለቱ በእጅ ሲጫንና ሲዞር የሥሡን ሽፋን ቅርጽ በጥቂቱም ቢሆን ያዛባል። የሁለቱ ክቦች ጠርዞች ልክ በልክ ካልገጠሙ፣ ወይም የስፌቱ ውጥረት በአንድ ወገን ከበዛ፣ የተተከለው ኮርኒያ እንደ ኳስ እኩል መጉበጡ ቀርቶ እንደ እንቁላል ይሞላለላል። አስቲግማቲዝም የሚባለው ይህ መዛባት ብርሃን በአንድ ነጥብ እንዳያርፍ ያደርጋል። በመሆኑም ኮርኒያው እንደ ብርጭቆ ግልጽ ሆኖ ሳለ ሕመምተኛው አጥርቶ ማየት ላይችል ይችላል።

የቁስሉ መጠገንም ጊዜ ይወስዳል። ኮርኒያ የደም ሥር ስለሌለው ጠርዙ የሚገጥመው ዘግይቶ ነው። በመሆኑም ስፌቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ በዓይን ላይ ይቆያል። ዓመታት ካለፉ በኋላ እንኳ በዓይን ላይ የሚደርስ ምት መጋጠሚያውን ሊከፍተው ይችላል። ሌዘር ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል የገባው እነዚህን ሁለት ችግሮች፣ ማለትም የቅርጽ መዛባትንና የመጋጠሚያውን ድክመት ለመቀነስ ታስቦ ነው።

ሁለት ዓይነት ሌዘሮች

ሌዘር የመጀመሪያውን ብርሃኑን የሰጠው እ.ኤ.አ በ1960 በአሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ቴዎዶር ማይማን እጅ ነው። ለኮርኒያ ቀዶ ሕክምና የሚያገለግሉት ግን ከዚያ በኋላ የተፈጠሩ፣ በአሠራራቸውም ፈጽሞ የተለያዩ ሁለት ዓይነት ሌዘሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ኤክሳይመር ሌዘር ነው። የሞገድ ርዝመቱ 193 ናኖሜትር የሆነ፣ በዓይን የማይታይ የአልትራቫዮሌት ጨረር ያመነጫል። በአሜሪካ የአይ ቢ ኤም ኩባንያ የምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ራንጋስዋሚ ሽሪኒቫሳንና ባልደረቦቻቸው ይህ ጨረር ሥጋን ሳያቃጥል በንጽሕና እንደሚቆርጥ እ.ኤ.አ በ1981 ደረሱበት። ከሁለት ዓመት በኋላ የኒው ዮርኩ የዓይን ሐኪም ስቲቨን ትሮከል ከእነርሱ ጋር በመሆን ለኮርኒያ እንደሚያገለግል አሳዩ።

የኤክሳይመር ጨረር ወደ ውስጥ ዘልቆ አይገባም። ጉልበቱን በሙሉ የሚያሳርፈው በላይኛው ገጽ ላይ ነው፤ በዚያም የሞለኪውሎችን ትስስር በጥሶ ወደ ተን ይለውጣቸዋል። አንዱ የብርሃን ምት የሚያነሳው ከአንድ ማይክሮሜትር ሩብ ያህል ብቻ ነው። አንድ ማይክሮሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ስለሆነም ኤክሳይመር ሌዘር እንደ ጥሩ ሞረድ ንብርብሩን ጥቂት በጥቂት እየላገ የሚወርድ መሣሪያ ነው ለማለት ይቻላል።

ይህን ጨረር ለንቅለ ተከላ በማዋል ረገድ ፈር ቀዳጅ የሆኑት የጀርመኗ ኤርላንገን ከተማ ሐኪም ጎትፍሪድ ናውማን ናቸው። እ.ኤ.አ በ1989 በሕሙማን ላይ በተጀመረው በዚህ ዘዴ፣ በኮርኒያው ላይ የብረት ገደብ ይቀመጥና ጨረሩ የገደቡን ጠርዝ እየተከተለ ይቆርጣል። በገደቦቹ ዙሪያ ስምንት ጥቃቅን ጥርሶች እንዲኖሩ መደረጉ ደግሞ የለጋሹ ኮርኒያና የተቀባዩ ዓይን በትክክለኛው አቅጣጫ እንዲገጥሙ ያግዛል። ዘዴው በኋላም በሆምቡርግ ከተማ በሐኪሙ ደቀ መዝሙር በርትሆልድ ዛይትስ አማካይነት ቀጥሏል። ስለቱ ዓይንን የማይነካ በመሆኑ ቅርጹ አይዛባም፤ ስፌቱ ከወጣ በኋላም የሚቀረው አስቲግማቲዝም በክብ ስለት ከተሠራው ያነሰ ሆኖ መገኘቱን እነዚህ የጀርመን ማዕከላት አሳይተዋል።

ሁለተኛው ፌምቶሰከንድ ሌዘር ይባላል። ስያሜውን ያገኘው ከብርሃን ምቱ እጅግ ማጠር ነው። አንድ ፌምቶሰከንድ የአንድ ሰከንድ አንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ ነው። ብርሃን በአንድ ሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ቢሆንም፣ በ100 ፌምቶሰከንድ ውስጥ የሚጓዘው 30 ማይክሮሜትር ብቻ፣ ማለትም ከአንድ የጠጉር ዘለላ ውፍረት ያነሰ ርቀት ነው።

እንዲህ ያለ አጭርና ኃይለኛ ምት ማመንጨት የተቻለው ዤራር ሙሩና ዶና ስትሪክላንድ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ1985 በአሜሪካው የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ባገኙት ዘዴ ነው። ለዚህ ሥራቸውም እ.ኤ.አ በ2018 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ከአርተር አሽኪን ጋር ተጋርተዋል። ጨረሩ ወደ ዓይን ሕክምና የገባው ደግሞ በአደጋ ምክንያት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሚቺገን ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የአንድ ተማሪ ዓይን በዚህ ጨረር ተመታ። ዓይኑን የመረመሩት ሐኪም ሮን ከርትስ ጉዳቱ እጅግ ጥቃቅንና በዙሪያው ያለውን ሥጋ ያልነካ ሆኖ በማግኘታቸው ተገረሙ። ከዚያም ቲቦር ዩሃስ ከተባሉት የፊዚክስ ባለሙያ ጋር በመሆን ጨረሩን ለቀዶ ሕክምና አዋሉት።

የፌምቶሰከንድ ሌዘር አሠራር ከኤክሳይመሩ ተቃራኒ ነው። ወደ ኢንፍራሬድ የተጠጋ ጨረር በመሆኑ ግልጽ በሆነው ኮርኒያ ውስጥ ሳይቆርጥ ያልፋል። ሥራውን የሚሠራው ሐኪሙ በኮምፒዩተር በወሰነው ጥልቀት ላይ ሲያተኩር ብቻ ነው። በዚያች ነጥብ ላይ ደቂቅ የጋዝ አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋዋም ሕብረ ሕዋሱን ትለያያለች። በሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ነጥቦች ጎን ለጎን ሲደረደሩ አንድ የቁርጥ መስመር ይሆናሉ። በሌላ አነጋገር የላይኛው ገጽ ሳይነካ ከውስጥ መቁረጥ ይቻላል ማለት ነው።

ይህ ችሎታ በክብ ስለት ፈጽሞ የማይቻል ነገር አስገኝቷል። ስለት የሚቆርጠው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ብቻ ሲሆን፣ ፌምቶሰከንድ ሌዘር ግን የእንጉዳይ፣ የባርኔጣ ወይም የዚግዛግ ቅርጽ ያለው ጠርዝ ይሠራል። የለጋሹና የተቀባዩ ኮርኒያ በአንድ ዓይነት ቅርጽ ስለሚቆረጡ፣ አናጺ ሁለት ጣውላዎችን ጥርስ በጥርስ እንደሚያጋጥመው ይያያዛሉ። የመጋጠሚያው ስፋት በመጨመሩም ፈሳሽ እንዳያፈስ ይረዳል፤ ቁስሉም ይበልጥ ጠንክሮ ይጠገናል።

የቅርጹ ምርጫም በሕመሙ ዓይነት ይወሰናል። የኋላ ሕዋሳቱ ጤነኛ ለሆኑለት የኬራቶኮነስ ሕመምተኛ ከፊት ሰፋ፣ ከኋላ ጠበብ የሚለው የእንጉዳይ ቅርጽ ይመረጣል፤ የራሱ የኋላ ሕዋሳት በብዛት ይቆዩለታልና። የኋላ ሕዋሳቱ ለሞቱበት ደግሞ ከኋላ የሚሰፋው የባርኔጣ ቅርጽ ከለጋሹ ብዙ ጤነኛ ሕዋሳት ያመጣለታል።

የተገኘው ውጤት

ፌምቶሰከንድ ሌዘር ለንቅለ ተከላ መዋል ከጀመረበት ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሰበሰበው ልምድ ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል በሌዘር የተሠራላቸው ሕሙማን በመጀመሪያዎቹ ወራት አነስተኛ አስቲግማቲዝም ይታይባቸዋል። ስፌታቸውም ቀደም ብሎ ሊወጣ ይችላል። ለሥራ ለሚፈለግ፣ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው የጥቂት ወራት መፋጠን ቀላል ጥቅም አይደለም።

በሌላ በኩል ግን ጊዜ ባለፈ ቁጥር ልዩነቱ ይጠባል። ሁለቱን ዘዴዎች ያነጻጸሩ ጥናቶች በዚግዛግ የተቆረጠው ኮርኒያ ከስድስት ወር በፊት ያሳየው ብልጫ ከዚያ በኋላ ጎልቶ እንዳልታየ አመልክተዋል። ምክንያቱም የመጨረሻው ቅርጽ በቁርጡ ጥራት ብቻ የሚወሰን አይደለም። የሐኪሙ የስፌት ችሎታ፣ የሕመምተኛው ቁስል አጠጋገንና የቀረው የራሱ ኮርኒያ ሁኔታም ድርሻ አላቸው። ሌዘሩ ይቆርጣል እንጂ አይሰፋም።

ቴክኒካዊ ገደቦችም አሉ። የፌምቶሰከንድ ጨረር ግልጽ በሆነ አካል ውስጥ ማለፍ ስላለበት ወፍራምና ነጭ ጠባሳ ሲያጋጥመው ይበተናል፤ ቁርጡም ያልተሟላ ይሆናል። መሣሪያው ዓይንን በመምጠጥ ኃይል ይዞ የሚሠራ በመሆኑ በጣም ለሳሳ ወይም ለመበሳት ለተቃረበ ኮርኒያ አይመከርም። በብዙ ተቋማት ሌዘሩ ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውጭ ስለሚገኝ፣ ሕመምተኛው ሲዘዋወር ዓይኑ እንዳይከፈት ጥቂት ያልተቆረጠ ድልድይ መተው የግድ ይላል። ቀሪውን ሐኪሙ በእጁ ያጠናቅቃል።

ሌዘር ፈጽሞ የማይነካው ሌላም ችግር አለ። የተተከለው ኮርኒያ የሌላ ሰው አካል በመሆኑ የተቀባዩ ሰውነት ሊቃወመው ይችላል። በተለይ በዓይኑ ላይ የደም ሥሮች በቅለው ከነበረ አደጋው ከፍ ይላል። ይህን የሚከላከለው በወራት አንዳንዴም በዓመታት የሚቆጠር የጠብታ መድኃኒት አጠቃቀምና የማያቋርጥ ክትትል ነው። ዓይን ሲቀላ፣ ሲያም ወይም ብርሃን ሲያስቸግር ፈጥኖ ወደ ሐኪም የማይቀርብ ሕመምተኛ፣ በየትኛውም መሣሪያ ቢሠራለት ብሌኑን ሊያጣው ይችላል።

በተጨማሪም በዚሁ ዘመን የንቅለ ተከላውን ሕክምና ከሌዘር ይበልጥ የለወጠው ሌላ እድገት መሆኑን መጥቀስ ያስፈልጋል። ይኸውም ሙሉውን ኮርኒያ ከመተካት ይልቅ የተጎዳውን ንብርብር ብቻ መተካት ነው። ኔዘርላንዳዊው ሐኪም ኸሪት ሜለስ እ.ኤ.አ ከ1998 ጀምሮ ባዳበሩት ዘዴ የኋላው ንብርብር በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ በአየር አረፋ እየተደገፈ ይጣበቃል፤ በኮርኒያው ላይ ዙሪያ ስፌት አያስፈልገውም። የፊተኛውን ክፍል ብቻ የሚተካውና የሕመምተኛውን የኋላ ሕዋሳት የሚያቆየው ዘዴም አለ። ሁለቱን በማቀናጀት ከአንድ ለጋሽ የተገኘ አንድ ኮርኒያ ለሁለት ሕሙማን እንዲበቃ ማድረግ እንደሚቻልም ታይቷል። ለዚህ የሚያስፈልገው በዋናነት የሠለጠነ እጅ ነው።

ሌዘር ንቅለ ተከላን የሚያስቀርበት አጋጣሚም አለ። ጠባሳው በላይኛው ገጽ ላይ ብቻ ከሆነ ኤክሳይመር ሌዘር ልጎ ሊያነሳው ይችላል። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ የሌላ ሰው ኮርኒያ ሳያስፈልገው የተሻለ ያያል፤ ያ ኮርኒያም ለሌላ ሰው ይተርፋል።

የሀገራችን ሁኔታ

በ1998 ዓ.ም በኢትዮጵያ በተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት የዓይነ ስውርነት ስርጭት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ከምክንያቶቹ ግማሽ ያህሉን ማለትም 49.9 በመቶውን የዓይን ሞራ ግርዶሽ ሲይዝ፣ በትራኮማ ሳቢያ የሚመጣ የኮርኒያ ጠባሳ በ11.5 በመቶ ሁለተኛውን ደረጃ ይዟል። ይህ አኃዝ የኮርኒያ ጉዳት በሀገሪቱ ቀላል የማይባል ድርሻ እንዳለው ያመለክታል።

ይሁንና በትራኮማ የታወረ ዓይን ሁሉ በንቅለ ተከላ ይድናል ማለት አይደለም። ትራኮማ የዓይን ቆብን አኮማትሮ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ እንዲታጠፍ ያደርጋል፤ እንባንም ያደርቃል። ሽፋሽፍቱ ሳይስተካከል የተተከለ አዲስ ኮርኒያ እንደ ቀድሞው ተፍቆ ይጠባሰሳል። በመሆኑም ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር ቀዳሚው መፍትሔ የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምናን፣ የአንቲባዮቲክ እደላን፣ የፊት ንጽሕናንና የአካባቢ ንጽሕናን በአንድነት የያዘው የዓለም ጤና ድርጅት ስልት ነው። አንድ ሕፃን ፊቱን የሚታጠብበት ንጹሕ ውኃ ማግኘቱ፣ ከዓመታት በኋላ ሌዘር ሊያቃናው የማይችለውን ጠባሳ አስቀድሞ ይከላከላል።

ንቅለ ተከላ ለሚጠቅማቸው ሕሙማን ደግሞ በ1995 ዓ.ም የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በኦርቢስ ኢንተርናሽናል ድጋፍ በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቁሟል። ይህም በሀገር ውስጥ ፈቃደኞች ልገሳ ላይ የተመሠረተ አገልግሎት እንዲጀመር መንገድ ከፍቷል።

የለጋሽ እጥረቱ የአንድ ሀገር ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ በ2016 ይፋ የሆነ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳመለከተው፣ እ.ኤ.አ በ2012 በ116 ሀገሮች 185 ሺህ ያህል የኮርኒያ ንቅለ ተከላዎች ተከናውነዋል። በአንጻሩ ሕክምናውን የሚጠባበቁ ሰዎች 12.7 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆኑ ተገምቷል። በጥናቱ ስሌት ለ70 ፈላጊዎች የሚደርሰው አንድ ኮርኒያ ብቻ ነው። የተሻለ መቁረጫ መኖሩ ይህን ቁጥር አይለውጠውም፤ የሚቆረጠው ኮርኒያ መኖር ይቀድማልና።

ለውሳኔ ሰጪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

የፌምቶሰከንድ ሌዘር ዋጋ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር የአሜሪካ ዶላር ይተመናል። ወጪው በግዥው ብቻ አያበቃም። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል መለዋወጫ ያስፈልገዋል። ሙቀቱና እርጥበቱ የተመጠነ ክፍል፣ የማይዋዥቅ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ በየጊዜው የሚደረግ የማስተካከያ አገልግሎትና የጥገና ውል ይጠይቃል። እነዚህ ካልተሟሉ መሣሪያው ቁም ሣጥን ሆኖ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ስለሆነም የግዥ ጥያቄ ለቀረበለት ኃላፊ ጥቂት ጥያቄዎች ይጠቅሙታል። ተቋሙ በዓመት ስንት ኮርኒያ ያገኛል? የሠለጠኑት ቀዶ ሐኪሞች ስንት ናቸው? ንብርብሩን ብቻ የመተካት ዘዴ ተጀምሯል ወይ? ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሕሙማን ለክትትል የሚመለሱበትና ጠብታ ሳይቋረጥ የሚያገኙበት ሥርዓት አለ ወይ? መሣሪያው ለሌሎች የዓይን ሕክምናዎችም ያገለግላል ወይ? ጥገናውን የሚሠራው ባለሙያ የት ይገኛል? የሚሉት ናቸው።

ምላሾቹ አጥጋቢ በሆኑበት ተቋም ሌዘር ተገቢ ቦታ ይኖረዋል። የሕሙማንን የማገገሚያ ጊዜ ያሳጥራል፣ አስቸጋሪ ቅርጾችን በትክክል ይቆርጣል፣ ለሥልጠናና ለምርምርም በር ይከፍታል። ምላሾቹ ባልተሟሉበት ግን ያው ገንዘብ ለዓይን ባንክ ባለሙያዎች ሥልጠና፣ ኮርኒያ ለሚቆይበት ፈሳሽና ማቀዝቀዣ፣ ለመመርመሪያ ማይክሮስኮፕ፣ ለሐኪሞች ሥልጠናና ለመድኃኒት ቢውል ብርሃናቸው የሚመለስላቸው ሰዎች ቁጥር ይበልጣል።

ልገሳውን በተመለከተ በኅብረተሰቡ ዘንድ ግልጽ ሊሆኑ የሚገባቸው ነጥቦችም አሉ። ኮርኒያ የሚወሰደው ከሞት በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። የለጋሹ መልክ አይበላሽም፤ ለቀብር ሥነ ሥርዓቱም እንቅፋት አይሆንም። መነጽር ማድረግ ወይም በዕድሜ መግፋት ብቻውን ከመለገስ አያግድም። የደም ዓይነት መመሳሰልም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ነገር ግን ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስና ለሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ምርመራ ይደረጋል።

ቃል የገባ ሰው ፈቃዱን ለቤተሰቡ ካላሳወቀ ግን ቃሉ ፍሬ ላያፈራ ይችላል። በሐዘን ሰዓት ለዓይን ባንኩ ፈጥኖ የሚደውለው ሟቹ ሳይሆን ቤተሰቡ ነውና። በየመሥሪያ ቤቱ የልገሳ ቅጽ የሚሞሉ ሠራተኞች የቅጹን ግልባጭ ለትዳር ጓደኛቸው፣ ለልጆቻቸው ወይም ለቅርብ ዘመድ ቢሰጡ፣ ምክንያቱንም በሕይወት ሳሉ ቢያስረዱ ይመረጣል። ለባንኩ የሚደርሰው ኮርኒያ እየጨመረ ሲሄድ፣ በስለትም ሆነ በሌዘር የሚሠራው ባለሙያ ለተራ ጠባቂው የሚተክለው ነገር ያገኛል።